ሎሚት ለምን ጮኸች

ሰኞ፣ መጋቢት 9
ከእንጨት ቤታችን፣ ከመላጊያው አጠገብ

ለተከበርሽውና ለምትናፈቂው፣ ከቁመትሽ በስተቀር አንድም ጉድለት ለሌለብሽ ለእትዬ ጉጥ፦

ቁጭ ብለሻል? ካልተቀመጥሽ ተቀመጪ። አጠገብሽ ሰው ካለ እጁን ያዢ። አንድ ብርጭቆ ውሃም አስቀርቢ። ይህን ከባድ መርዶ የማሰማቱ ዕጣ ከቤተሰቡ ሁሉ በእኔ በታናሽሽ ላይ ስለወደቀ፣ እንባዬን በእጅጌዬ፣ አንዳንዴም አፍንጫዬን በዚያው እጅጌ እየጠረግሁ እጽፍልሻለሁ። በቤታችን ዋይታ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢያችን የሚወጣው ጩኸት ሰፈሩን ከየቤቱ አስወጥቶታል። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሕፃናት እናታቸው ጉያ ገብተዋል። የማእዘኑ ባለ ሱቅማ ጭራሽ ሱቋን ዘግታ ልትቀመጥ ነበር።

አባዬ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት። ይህን መጀመሪያ ላይ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ልብሽ ትንሽ ይሩጥ ብዬ፤ ስፖርት ነው። የታመመችው ሎሚት ናት። አዎ፣ ያቺ ሎሚ የመሰለች መኪናሽ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሄጂ ቁልፏን አባዬ መዳፍ ላይ አስቀምጠሽ «አደራ» ያልሽበት።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። የቤቱ ስልክ ያለው ሳሎን ነው፤ ሳሎን ማለት ደግሞ አባዬ ነው። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባዬ አንድ የተጣመመ ሚስማር ከኪሱ ያወጣና እሱን ማቃናት ይጀምራል። ያው አንድ ሚስማር ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እየተቃና ነው። ጆሮው ግን እንደ ጥንቸል ቆሞ ነው ያለው። ተራው ሲደርስ ምን እንደሚልሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ሸምድጄዋለሁ፦

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ሎሚት ደህና ናት።»

«እሺ አባዬ።»

«በይ እናትሽን ላቅርብልሽ።»

አለቀ። ከዚህ በላይ ካወራ ምላሱ የሚሰነጠቅ ይመስለዋል። አንድ ቀን ግን አንቺ አንድ ነገር ጨመርሽ። «አባዬ፣ ለምን አትሸጧትም? ተቀምጣ ምን ትሠራላችኋለች?» አልሽው። እሱም «እንግዲህ እናያለን» አለና ስልኩን ለእማዬ አቀበላት። የሆነውን አላየሽም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። እንጨት ቤት ገብቶ አንድ ንጹሕ የበር ጣውላ መላግ ጀመረ፤ ላገው፣ ላገው፣ ጣውላው ወረቀት እስኪያህል ላገው። ያ በር አሁን ፊት ለፊቱ ቢያስነጥሱ የሚበር ሆኗል። አንቺ ሎሚት ለእኛ ሸክም እንዳትሆን ብለሽ እንደተናገርሽ አውቃለሁ። እሱ የሰማው ግን «አልመጣም» የሚል ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ጩኸቱ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ።

አሁን ወደ በሽተኛዋ እንመለስ። አባዬ ሎሚትን ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጣታል። «ሞተር ካልሞቀ ይሞታል» ነው ምክንያቱ። በጠዋት ያጥባታል፣ መስታወቷን በእማዬ የጨርቅ ቁራጭ ያሻሻል፣ ከዚያ እስከ እንጨት መሸጫው ድረስ ነድቶ ይመለሳል። እንጨት አይገዛም። ዞሮ ይመጣል፣ በቃ። አነዳዱን ብታዪው ግን! መቼም አንቺ ወንበሩን ወደ ፊት ስበሽ፣ መሪውን ልትነክሺው ምንም ሳይቀርሽ ነበር የምትነጂው። አባዬ ወንበሩን ካስቀመጥሽበት ንቅንቅ አላደረገውም። ያ ሁሉ ቁመቱ፣ እንደ አናጢ መታጠፊያ ሜትር፣ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፣ አንዴ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ይገባል። አገጩ ከጉልበቱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ላድርግልህ?» ብዬ እጄን ብሰድ፣ በሜትሩ ጣቴን መታኝ። «እንደተረከብኩት ነው የማስረክበው» አለኝ። ጣቴ እስካሁን ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስታውሳል።

ሁለተኛው ነገር ጫማው ነው። ያ በሰው እጅ የላክሽለት፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረው ጫማ ደረሰው። በእጁ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ሶሉን እንደ ጣውላ በጣቱ አንኳኳና «እንጨት ቢሆን ጥሩ እንጨት ነበር» አለ። ከአባዬ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ለሥራ አያደርገውም። ሐኪም ቤት እንኳን በአሮጌው ነው የሄደው። የሚያደርገው ቅዳሜ፣ ለሎሚት ብቻ ነው።

ጫማው በመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሎሚት ጮኸች።

ቆማ ስትሠራ ምንም የለባትም፤ እንደጠገበች ድመት ጥርር ትላለች። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጣት ግን «ኡኡኡኡ!» ትላለች፤ ድምፁ ደመና ይነካል። የሚገርመው ደግሞ አትሄድም። ጩኸቱ የአንበሳ፣ እርምጃው የኤሊ። እኔ ጎኗን ይዤ በእግሬ እየሄድኩ ቀደምኳት። ባለ ሱቋ ከመስኮት ብቅ ብላ «አባትህ ዛሬ ሊበር ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ መሬቱን እያስፈራራ ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ሎሚትን «አልቃሽ» ብለው ሰየሟት፤ ቅዳሜ ስትወጣ እነሱም እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ከኋላ ይከተሏታል።

በዚህ ቤት ዕቃ ሲጮህ ማን ይጠረጠራል? አየሽ፣ ፈገግ አልሽ። አንቺም ጠረጠርሽኝ።

«አንተ ሰጋቱራ፣ ና ወዲህ። ምን ከተትክባት?» አለኝ አባዬ።

«ምንም!»

«ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ምን አለ?»

«ጭስ! አባዬ፣ ሌላ ነገር ከትቼ ከሆነ ጉሮሮዬን ይዝጋው!»

«ባለፈውም እንዲህ ብለህ ነው ድንቹ የወጣው።»

ድንቹ ወጥቷል፤ እሱን አልክድም። ግን ያ ድሮ ነው፣ የዛሬው ግን እኔ አይደለሁም። ንጹሕ ሆኖ መከሰስ እንዴት እንደሚያንገበግብ አታውቂም እትዬ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቀመስኩት፤ ሙያው የለኝም፣ ፊቴን እንዴት እንደማደርገው እንኳን ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁም። እንዲህ ያለ ሰፈር የሚያተራምስ ጩኸት ፈልስፎ እኔን የቀደመኝ ማነው? አልኩ።

የመጀመሪያዋ ሐኪም እማዬ ነበረች። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣችና ጩኸቱን ሰማች። «ቺንጋ ነው» አለች። «የእኔ ስፌት መኪና ቺንጋዋ ሲላላ ልክ እንዲህ ናት።» ኮፈኑን አስከፈተችና የሞተሩን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ጫን፣ ለቀቅ አደረገች፤ የሱሪ ወገብ የምትለካ ነው የምትመስለው። ከዚያ ቅር ብሏት «ልክ ነው። አልሰፋም፣ አልጠበበም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እጇን የጠረገችው በእኔ ሸሚዝ ነው።

ሁለተኛው መካኒኩ ጆሮ ነበር። ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ከአባዬ ጋር አብሮ ያደገው፣ ሁሉን በሽታ በማዳመጥ አገኛለሁ የሚለው አጭር ሰውዬ። ረጅም ካቻቢቴውን ይዞ መጣ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አባዬ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ስጣት!» ይላል ጆሮ። ጥርርር። «ጨምር!» ጥርርርር። «ተው!» ጥር።

«እህስ?» አለ አባዬ።

«ሞተሯ ካንተ ልብ ይሻላል።»

ከዚያ መሬት ላይ ተኛ። የጭስ ማውጫዋን ጫፍ በጨርቅ ለቅጽበት አፈነና በሌላ ቦታ የሚተነፍስ ቀዳዳ እንዳለ አዳመጠ። ማርሚታውን በቡጢ ኮረኮመው። አንዲት የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ብሎኗ ላልቶ ስትንቀጠቀጥ አገኘና «ያዝኳት!» ብሎ እንደ ዓሣ አጥማጅ ጮኸ። አጠበቃት። ሁላችንም አጨበጨብን። አባዬ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጣት።

«ኡኡኡኡ!»

ጆሮ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። «ውረድ፣ እኔ ልንዳት» አለ። ቁመቱ ያው ካንቺ ቁመት ጋር ተማክሮ የተሠራ ስለሆነ ወንበሩ ለክቶ የተሰፋለት ይመስል ዘው አለ። ነዳት። እስከ ማእዘኑ ሄደ፣ ዞሮ መጣ። እትዬ፣ ድምጿ አይሰማም! እንደ ጥላ ነው የመጣችው።

አባዬ ተደናገጠ። «እኔ ጋር ስትሆን ምን ሆና ነው ታዲያ?»

«ተቀይማሃለች። ይቅርታ ጠይቃት» አለ ጆሮ።

ጆሮ ቀልዱን ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን እኔ ወደ ጓሮ ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አባዬ እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይላታል። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ለመስማት በአራት እግሬ ሄጄ ነበር፤ ጉልበቴ ጠጠር ላይ አርፎ «ኡፍ» ስል ቀና አለና ያለ ምክንያት ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረጋት። አንቺን በስልክ አናግሮ ያን ያህል ቆይቶ አያውቅም።

ጆሮ ግን ሰው ነው፤ እልህ ያዘው። በሌላው ቅዳሜ አባዬ እየነዳ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ሄዱ። ሲመለሱ አፍንጫውን ይዞ ወረደ። «ሸተተኝ፤ ፍሪሲዮኗ እየተቃጠለ ነው» አለ። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ትምህርት ቤትና እኔ በስምንተኛ ክፍል በሰላም ስለተለያየን እንደ ሕፃን አድርጎ አስረዳኝ። ሞተሩና ጎማው እጅ ለእጅ የሚጨባበጡበት ነገር ነው አሉ። መጨባበጡ ጥብቅ ካለ መኪና ይሄዳል። እጃቸው ሙልጭ ሙልጭ ካለ ግን ሞተሩ ለብቻው እየሮጠ ይጮኻል፣ ጎማው «ማን ጠራኝ?» ይላል። «ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ መውረድ ሊኖርበት ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው» አለ ጆሮ። «ታዲያ አንተ ስትነዳት ለምን ዝም አለች?» ብለው፣ ራሱን አከከና «ስላልሞቀች ይሆናል» አለ። ሲያክ ደስ አላለኝም። ጆሮ ራሱን የሚያከው ሲያውቅ አይደለም።

አባዬ የሎሚትን በር ቀስ ብሎ ዘጋ። እንጨት ቤት ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። መላጊያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ሽጡ ብላለች አይደል?» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለመላጊያው አላወቅሁም። «እንሽጣት እንግዲህ።»

ከማዶ ክፍል የእማዬ ስፌት መኪና መሐል ላይ ቀጥ አለች።

ገዢው ለመምጣት አልዘገየም። የዶሮ ነጋዴው ነው። ሳቁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ደግሞ ላባ ከትከሻው የማይጠፋ ሰው። ዋጋ እንዲወድቅለት ነው መሰለኝ «ትጮኻለች ሲሉ ሰማሁ፤ ግድ የለም፣ ዶሮዎቼም ይጮኻሉ» አለ። ሎሚትን ዞራት። በሩን ከፈተና «ወንበሮቹን ነቅዬ እጥላቸዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ የዶሮ ሳጥን ነው የምደረድርባት። ለሾፌር ደግሞ የለስላሳ ሳጥን ይበቃል» አለ።

የአባዬ እጅ የሾፌሩ ወንበር ራስ ላይ ነበር። ጥብቅ አደረገው።

«ወንበሯ ምን አደረገችህ?» አለው።

ነጋዴው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቅዳሜ ሊሞክራትና ሊወስዳት ተቀጣጠሩ።

እዚህ ላይ ነው ታናሽሽ የተነሣው። አባዬ መሸጥ አይፈልግም፤ አንቺም ማስሸጥ አትፈልጊም፤ ሁለታችሁም «ዝም አይነቅዝም» ብላችሁ ዝም ብላችኋል፤ መሐል ላይ ሎሚት የዶሮ ቤት ልትሆን ነው። እንደኔ ያለ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ገዢውን ያስደነግጣል! ሚስማር የሞላ ቆርቆሮ አዘጋጀሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ በእማዬ አሮጌ መሸፈኛ ጨርቅ ሥር ተጠቅልዬ ተኛሁ። ዕቅዴ ሎሚት «ኡኡኡ» ስትል እኔ ደግሞ ቆርቆሮውን ላንጎዳጉድ፣ በመጨረሻም እንደምትታረድ ዶሮ ልጮህ ነበር። ነጋዴው በሩን ከፍቶ ሲሮጥ በሐሳቤ አይቼ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

መጡ። አባዬ ታጠፈና ገባ። ነጋዴው አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሎሚት ወደሱ በኩል ሰገደች። ሞተሩ ተነሣ። ጥርርር። ማርሽ ገባ። እኔ ቆርቆሮዬን ጨብጬ፣ ጉንጬ ወለሉ ላይ ተለጥፎ፣ በወንበሩ ሥር ወደ ፊት አየሁ። የታየኝ ምን መሰለሽ? ጫማሽ! የላክሽው ጫማ፣ ሁለቱም፣ እንደ ሁለት ጡብ። ቀኙ ነዳጅ ላይ። ግራው ሞተርና ጎማን በሚያላቅቀው በፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ። ሄድን። «ኡኡኡኡ!» ግራው አሁንም ፍሪሲዮን ላይ ነው። አባዬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ግራው ከፍ ሊል ይሞክራል፤ ጉልበቱ ከመሪው ሥር ሄዶ ይቀረቀራል፤ ያ የወፈረ ሶል ፔዳሉን ሳይለቀው፣ ጫን እንዳደረገው ይቀራል። ጎማና ሞተር ሊጨባበጡ እጃቸውን ሲዘረጉ አባዬ መሐላቸው ቆሞ ይገላግላቸዋል!

ቆርቆሮውን ረሳሁት። ዶሮውንም ረሳሁት። ከነጨርቄ ብድግ ብዬ «አባዬ፣ እግርህ!» አልኩ።

ነጋዴው «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ሲዘል ራሱ ከጣሪያው ተጋጨ። ሎሚት ተንገጫግጫ ሞተሯ ጠፋ። መንገዱ መሐል ቆምን።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለ አባዬ።

«እሱ ይቆየን! ግራ እግርህ ፍሪሲዮን ላይ ተኝቷል!»

«አንሥቼዋለሁ።»

«አላነሣኸውም! አሁንም እዚያው ነው! እየው!»

አባዬ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሞከረ፤ ለመጎንበስ ቦታ የለውም፤ ግንባሩ መሪውን ነካና ጥሩምባው ጮኸ። ቀስ ብሎ እግሩን ሊያነሣ ሞከረ። ጉልበቱ «ቋ» አለ። እንደገና ሞከረ። ቋ። ድሮ በአሮጌው ጫማ ለጥቂት ያመልጥ ነበር፤ የአዲሱ ሶል ውፍረት ነው ያቺን ጥቂት የበላት። አባዬ በጣት ውፍረት ስንት በር ሲበላሽ ያየ ሰው ነው። ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

ነጋዴው ራሱን እያሻሸ «ይሄማ ምን ችግር አለው? ወንበሩን ወደ ኋላ ይበሉት» አለ።

«ወንበሩ አይነካም።»

«እንግዲያው ጫማውን ያውልቁት።»

«ጫማው አይወልቅም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ይቆረጥ? ጉልበት?»

ከኋላችን መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ልጆቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ እንደጫኑ ከበውን ቆመዋል፤ አልቃሽ ስታቆም አይተው አያውቁም፤ እነሱም ለቅሶውን ይቀጥሉ ያቁሙ ግራ ገብቷቸዋል። አባዬ መሪውን እንደጨበጠ ነው። እኔ ደግሞ መቼም አፌ አያርፍም፦

«አባዬ፣ በር አልገጥም ሲል ምንድነው የምትለኝ?»

«በሩን አትላግ። መቃኑን እይ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለዚህ ሎሚትን አትሽጣት።»

እትዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ሲል ወደ እኔ አልዞረም። በፊት ለፊቱ መስታወት ወደ መንገዱ እያየ ነው ያለው። «እንደተወችው ላቆይላት ብዬ ነው። መጥታ ስትገባ፣ ምንም ሳታስተካክል፣ ትናንት የወረደች ይመስል እንድትነዳት።»

ነጋዴው እንኳን ሳቁን ዋጠ። ትከሻው ላይ ያለችውን ላባ አንሥቶ በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ።

አባዬ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣ፤ ያንን ጠፍጣፋውን። ጎንበስ አለና ወንበሩ በሚንሸራተትበት ብረት ላይ፣ አንቺ የተውሽበት ቦታ፣ አንድ መስመር አሰመረ። ለክቶ ነው ያሰመረው፤ በር ቢሆን ቆርጦ ይገጥምበት ነበር። ከዚያ ከወንበሩ ሥር ያለችውን መያዣ ሳበና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ጠቅ። ጠቅ። ሁለት ጥርስ። ገባና ተቀመጠ። እትዬ፣ አባዬ ለካ ሰው ነው! ጉልበቱ ከአገጩ ተለያየ፤ ቢያንስ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንገት እንዳለው አየሁ።

ሞተር አስነሣ። ማርሽ አስገባ። ግራ እግሩን አነሣ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ነዳጅ ሰጣት።

ዝም።

ሎሚት እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ሄደች። ልጆቹ «እህ?» ብለው ቀሩ፤ አንዱማ ተናዶ ድንጋይ መታ። እስከ እንጨት መሸጫው ሄድን፣ ዞረን መጣን። አባዬ በአፍንጫው ያዜማል። ምን እያዜመ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ቤት ስንደርስ ነጋዴው እጁን እያፋተገ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነችማ ዋጋ እጨምራለሁ!» አለ።

«አትሸጥም።»

«ለምን? አሁን ተስማምተን አልነበር?»

«ባለቤቷ አጭር ናት» አለው አባዬ፤ በሩን ቆለፈና ገባ።

ነጋዴው ወደ እኔ ዞሮ «ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ። «ቁመቷ ሲጨምር ተመለስ ማለቱ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ለመግዛት እንኳን ስሄድ በጥርጣሬ ነው የሚያየኝ፤ የምገዛትን ዶሮ ሁለት ጊዜ ይቆጥራታል።

ጆሮ መጥቶ ነዳት፣ አዳመጣት፣ አሸተታት። «ፍሪሲዮኗ ትንሽ ተለብልቦ ነው እንጂ ዕድሜው ገና ነው፤ ካምቢዮ አይወርድም» አለ። እኔ የት እንዳየሁት ሲሰማ ካቻቢቴውን አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ይመስል አገላበጠና «ጆሮዬን አምኜ ዓይኔን ቤት ትቼው ስመጣ ነበር» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እማዬ ደግሞ የመሸፈኛ ጨርቋ ላይ የጉንጬን አሻራ አግኝታ አሳጠበችኝ። የጀግና ሽልማት በዚህ ቤት ሳሙና ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ስሚ። ወንበሩን ወደ ፊት የሳበችው ማናት? አንቺ። ጡብ የሚያህል ጫማ የላከችው ማናት? አንቺ። ሰፈሩን ያስለቀሰችው አንቺ፣ ተጠርጥሬ የተሰቃየሁት እኔ! ይህን ለመካስ በአካል መቅረብ አለብሽ። ሌላ ጫማ ልከሽ እንደምትገላገዪ እንዳታስቢ፤ ደግሞ ከላክሽ ቀጭን ሶል ይሁን።

እማዬ «መንገድሽ ቅን፣ ጎንሽ ሙቅ ይሁን፤ የምትሰፊው አይተርተር» ብላሻለች። የላከችልሽ ሹራብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ እጅጌው ረዘም ያለው ታድጊያለሽ ብላ ተስፋ አድርጋ ነው፤ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። አባዬን ደግሞ «ለእትዬ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ልበልልህ?» አልኩት።

«መኪናዋ ደህና ናት በላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» አለና ሚስማሩን ከኪሱ አወጣ።

ስለዚህ መኪናሽ ደህና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባት ወንበሩ የሚሄድበትን ብረትም ይወለውላል፤ እርሳሱ የተሰመረባት ቦታ ጋ ሲደርስ ጨርቁን ያነሣና ከማዶዋ ይቀጥላል።

በመርዶ ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ። ነገሩ ሁሉ ያን ያህል አልነበረም፤ አንድ ወንበር ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ሄደ፣ በቃ። ወደ ፊት ለመመለስም ያው ሁለት ጥርስ ነው፤ አንቺ ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ትስቢዋለሽ፤ ለመጎንበስማ ብዙ አይቀርሽም።

ከየሰው ዓይን የማይጠፋው ወንድምሽ፣
ሰጋቱራ